ለመታረስ ጎጃም ልግባ ወይስ እናቴን ላስመጣ?

ውጭ ያሉትም አገር ቤት ያለነውም የጎጃም ልጆች በምንገናኝበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ሰሞኑን አንድ ክር፣ ማለትም አንድ ጥያቄ ከነመልሶቹ፣ ረዘመ። እኔ ራሴ ደብረ ማርቆስ ሆኜ ኔትወርኩ ብቅ ጥልቅ ሲል ነው ያነበብኩት። ቢቸናና መርጡለ ማርያም ያላችሁት ገጹ አልከፍት ስላላችሁ አሳጥሬ እንድልክላችሁ ጠይቃችሁኛል። ይኸው። የሰው ቤት ጉዳይ ስለሆነ ቃል በቃል አልገለብጥም፤ ስምም አልጠራም። መልሶቹን በቁጥራቸው እየጠቀስኩ ማን ምን እንዳለ እነግራችኋለሁ። መሃል ላይ የራሴን ጣል ባደርግ ቻሉኝ።

መነሻው

ጠያቂዋ የአማኑኤል ልጅ ናት። የምትኖረው ጀርመን፣ ሽቱትጋርት አጠገብ ነው። ባሏ የሞጣ ሰው ነው፤ መጋዘን ውስጥ የሌሊት ፈረቃ ይሠራል። የአራት ዓመት ልጅ አለቻቸው። ሁለተኛው ሰኔ ላይ ይጠበቃል። የመጀመሪያዋን ስትወልድ ያረሳት ሰው አልነበረም። ከሆስፒታል ወጥታ ሕፃኗን ታቅፋ ደረጃውን ወጣች፣ ቤት ገብታም አጥሚቱን ለራሷ ያፈላችው ራሷ ናት። እንኳን ማርያም ማረችሽ የሚላት ሁሉ በስልክ ነበር። ያ እንዲደገም አትፈልግም። ስለዚህ አገር ገብታ እናቷ ቤት ትታረስ ወይስ እናቷን ታስመጣ? የጠየቀችው በትሕትና ነው፤ ልቧ ግን ወደ መሄዱ ያደላ ይመስላል። ስለ እናቷ ጓዳ የጻፈችው ስለ ሌላው ሁሉ ከጻፈችው ይረዝማል።

ከ1 እስከ 4

1ኛውና 2ኛው ምርቃት ብቻ ናቸው። ማርያም በሽልም ታውጣሽ ብለው አለፉ። 3ኛው ቶሮንቶ ያለ የመራዊ ልጅ ነው። ሳታወላውል አገሯ እንድትገባ መከራት። ጎረቤት ያልገባበት፣ ቡና ያልተፈላበት ቤት ለእሱ አራስ ቤት አይደለም።

4ኛዋ ጸሐፊ እዚሁ ማርቆስ ያለች ሴት ናት። ስሜቱን ወደ ጎን ትታ ወደ ቀን መቁጠሩ ገባች። ብዙ አየር መንገዶች ከ36ኛው ሳምንት በኋላ ነፍሰ ጡር አያሳፍሩም፤ ከዚያም በፊት ቢሆን የሐኪም ወረቀት ሊጠይቁ ይችላሉ። ስለዚህ ሰኔ ለመውለድ ግንቦት ሳይጋመስ መግባት አለባት። የአራት ዓመቷስ ከመዋለ ሕፃናቷ ወጥታ ምን ልትሆን ነው? ደግሞ መንገዱ አለ። ክልሉ በ2015 ክረምት ወደ ጦርነት ከገባ ወዲህ መንገድ የሚዘጋበትም ስልክ የሚጠፋበትም ጊዜ አይተናል። አማኑኤል ለማርቆስ ሆስፒታል ቅርብ ናት። መንገድ በተዘጋ ዕለት ግን ቅርብ የሚባል ነገር የለም። እኔም እዚህ ሆኜ የምጨምረው የለኝም፤ ሴትየዋ ልክ ናት።

5ኛው፦ የወረቀቱ ነገር

ክሩን ያዞረው ይህ መልስ ነው። ጸሐፊው የፍኖተ ሰላም ልጅ ነው፤ ጀርመን ውስጥ ስደተኞችን በወረቀት ጉዳይ ይረዳል። እንደ እሱ አባባል፣ ከወላጆቹ አንዱ ጀርመን ውስጥ 5 ዓመት በሕጋዊ መንገድ የኖረና ቋሚ የመኖሪያ ፈቃድ ያለው ከሆነ፣ እዚያ የሚወለደው ልጅ ሲወለድ ጀምሮ ጀርመናዊ ነው። እስከ ሰኔ 2016 ድረስ ይህ 8 ዓመት ነበር። ያው ልጅ፣ ከእነዚያው እናትና አባት፣ ማርቆስ ቢወለድ ግን ይህን አያገኝም። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በዘሩ ኢትዮጵያዊ ነው። ያ መልካም ነው፤ ነገር ግን እናቱ ወደ ሥራዋ ስትመለስ ይዛው ለመሄድ ፓስፖርት ታወጣለታለች፣ ከዚያም ቪዛ ትጠይቅለታለች። ጀርመን ለወላድ የሚሰጠው የወሊድ ፈቃድ ከመውለዷ በፊት 6 ሳምንት፣ ከወለደች በኋላ 8 ሳምንት ነው። የሕፃኑ ወረቀት በ8 ሳምንት ያልቃል ብሎ ማሰብ የየዋህ ሐሳብ መሆኑን በጨዋ ቋንቋ ገለጸላት።

ከዚህ በኋላ ትሂድ የሚለው ወገን ሳሳ። ጥያቄው እናቷ እንዴት ይምጡ ወደሚለው ዞረ። ይምጡ ወይ ብሎ የጠየቀ እንደሌለ ልብ በሉልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ከ6 እስከ 9

6ኛው ዋሽንግተን አካባቢ ያለ የቡሬ ሰው ነው። የጀርመኑ 8 ሳምንት አይበቃም መባሉን አንብቦ ሳቀ። አሜሪካ ውስጥ በአገር ደረጃ ደመወዝ ያለው የወሊድ ፈቃድ የለም። በፈረንጆች 1993 የወጣው ሕግ የሚሰጠው 12 ሳምንት ነው፣ እሱም ያለ ደመወዝ፤ 50 ሠራተኛ የሌለውን የግል ድርጅትም አያስገድድም። ሚስቱ ሥራ የገባችው ጡቷ ገና እያፈሰሰ ነው። እናቱ ከቡሬ በጎብኚ ቪዛ መጥተው ስድስት ወር ባይቀመጡ ኖሮ ለሕፃን መዋያ የሚከፍሉት ከቤት ኪራያቸው ይበልጥ ነበር። እናትሽን አምጪና ተገላገይ ነው ነገሩ።

7ኛዋ ይህን በቀላሉ አላለፈችውም። እናቱን ነው ወይስ ሞግዚት ያስመጣው ብላ ጠየቀችው። እሱም ነደደው። እናቱን ለስድስት ወር አልጋ ላይ ቁርስ እያቀረበ እንደያዘ ጻፈ። 8ኛው መልስ ሁለቱም ቃላቸውን እንዲመርጡ የሚያሳስብ የመድረኩ አስተባባሪ ማስታወሻ ነው። እውነቱን ለመናገር የሴትየዋ አጠያየቅ ሸካራ ነበር፤ ጥያቄው ግን ቦታውን አልሳተም።

9ኛው ጠቃሚ ነው፤ የሚያስፈልጋችሁ ያዙት። ለሸንገን አገሮች (ጀርመንም አንዷ ናት) የሚሰጠው የጉብኝት ቪዛ በ180 ቀን ውስጥ ቢበዛ 90 ቀን ያስቀምጣል። ክፍያው ከሰኔ 2016 ጀምሮ 90 ዩሮ ነው። ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጤና መድን ይጠየቃል። ጋባዧ ሙሉ ወጪያቸውን እንደምትችል የውጭ ዜጎች ቢሮ ቀርባ ትፈርማለች። ኤምባሲው ደግሞ እናትየዋ ተመልሰው እንደሚገቡ ማየት ይፈልጋል። ስለዚህ የመሬት ይዞታ ደብተራቸውን፣ ካላቸውም የባንክ ደብተራቸውን አስተርጉመው እንዲያያይዙ መክሯል።

ቅቤና ማር

10ኛው መልስ ሁላችንንም አሳቀን። የጻፈው የአዴት ልጅ ነው። እናቱ ፍራንክፈርት ሲገቡ ሻንጣቸው ይከፈታል። ለምራታቸው ያነጠሩትን ቅቤ በፕላስቲክ ዕቃ አድርገው፣ ዕቃውን በጋቢ፣ ጋቢውን በነጠላ ጠቅልለውታል። ጉምሩኩ ነጠላውን ፈታ፣ ጋቢውን ፈታ፣ ክዳኑን ከፍቶ አሸተተ። ስጋና የወተት ተዋጽኦ ከአውሮፓ ኅብረት ውጭ በሻንጣ ይዞ መግባት ክልክል ነው። ሰውየው ዕቃውን ወደ ቆሻሻው ሲወስድ እናትየዋ ከሚጥለው አናቱን እንዲቀባው በአማርኛ መከሩት። ጸጉሩ የሳሳ ነበር አሉ። ማሩ ግን አለፈ፤ ለአንድ ሰው እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል።

ከዚህ ተነስቶ 11ኛው ሰው ማሩን ሕፃኑም በጣት ይላስ፣ ለሆዱ ጥሩ ነው አለ። ባሕር ዳር ያለች ነርስ በ12ኛው መልስ ተቆጣች። ዓመት ላልሞላው ሕፃን ማር አይሰጥም፤ በማር ውስጥ የሚገኝ የጀርም ዘር የሕፃን አንጀት ውስጥ አድጎ ሰውነቱን የሚያሽመደምድ መርዝ ሊፈጥር ይችላል። ቅቤ ማስላስም አይሆንም። እስከ ስድስት ወር የእናት ጡት ብቻ። 13ኛው ሰው ቅቤ ልሰን ነው ያደግነው ብሎ ተነሳባት። እሷም በ15ኛው ተመልሳ፣ ልሰው ያላደጉት እዚህ ገብተው መጻፍ እንደማይችሉ አስታወሰችው። ከዚያ በኋላ ስለ ማስላስ ያነሳ የለም።

በመሃል ያለችው 14ኛዋ፣ ካስል ያለች የሉማሜ ልጅ፣ ጠያቂዋ የማታውቀውን ነገር ነገረቻት። ጀርመን ውስጥ ወላድ ቤቷ የምትመጣላት አዋላጅ አለቻት። በመጀመሪያዎቹ አሥር ቀናት በየቀኑ መምጣት ትችላለች፤ ክፍያውን የጤና መድኑ ይችላል። የሕፃኑን እትብት ታያለች፣ ትመዝነዋለች፣ የእናቲቱን ጡትና ቁስል ታያለች። ችግሩ አዋላጆቹ ጥቂት ስለሆኑ በእርግዝናው መጀመሪያ መያዝ ነው። ጠያቂዋ ወዲያው ገብታ፣ በመጀመሪያዋ ልጅ ጊዜ ይህን የነገራት ሰው እንዳልነበረ ጻፈች። ከዚህ ክር ሌላ ምንም ባይተርፍ ይህቺ መልስ ትበቃ ነበር።

16ኛው፦ ገንፎ በቪዲዮ

ስቶክሆልም ያለው የዳንግላ ልጅ ብዙ ጻፈ፤ እኔም አልሰለቸሁትም። ስዊድን ለአንድ ልጅ 480 ቀን የወላጅነት ክፍያ ትሰጣለች፤ አባትና እናት ይካፈሉታል። እናቱ ቪዛ ተከለከሉ። ስለዚህ ፈቃድ ወጥቶ ሚስቱን ራሱ አረሳት።

የመጀመሪያውን ገንፎ የሠራው እናቱን በቪዲዮ ይዞ ነው። ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፎ ምድጃው አጠገብ አቆመው። ውኃው ሲፈላ የገብስ ዱቄቱን ባንድ ጊዜ ገለበጠው። እናቱ ከዳንግላ ጮኹ። ዱቄቱ ውጩ በስሎ ውስጡ ጥሬ የሆነ ጓል በጓል ሆነ። ድጋሚ ውኃ ተጣደ። አሁን በጥቂት በጥቂቱ እየነሰነሰ በእንጨት ማማሰያ ያሽ ጀመር። እንፋሎቱ የስልኩን መስታወት ሸፈነው፤ እናቱን ማየት አቆመ። ድምፃቸው ብቻ እጅህን አታሳርፍ፣ ከሥር ከሥር እያለ ይመጣል። ክንዱ ዛለ። ጎድጓዳ ሳህን ላይ አድርጎ መሃሉን ሲያጎደጉድ፣ ቅቤና በርበሬውን ሲያፈስበት፣ እናቱ ስልኩን ለጎረቤት አዙረው ያሳዩ ነበር። ሚስቱ ቀምሳ ጨው እንደሌለው ነገረችው።

17ኛው ሰው ወንድ ልጅ ማማሰያ ይዞ በማለት አላገጠ። 20ኛው መልስ ላይ የሞጣው ባል፣ የጠያቂዋ ባለቤት፣ ራሱ ብቅ አለ። ከሌሊት ፈረቃ መግባቱ እንደሆነ፣ ገንፎ ግን እንደማይችል ጻፈ። ከዳንግላው ልጅ ጋር በውስጥ ተነጋገሩ መሰለኝ።

18ኛዋ ስዊድን ለአያቶችም ትከፍላለች፣ ስለዚህ ሁሉም ወደዚያ ይሂድ አለች። 19ኛው አረማት። ከፈረንጆች 2024 አጋማሽ ወዲህ አንድ ወላጅ እስከ 45 ቀን ድረስ ከራሱ ቀን ለሌላ ሰው፣ ለአያትም ቢሆን፣ ማስተላለፍ ይችላል። ነገር ግን ተቀባዩ በስዊድን የማኅበራዊ መድን ውስጥ መሆን አለበት። በጎብኚ ቪዛ ለመጡ እናት አይሠራም።

21ኛዋ

ይህችን ማሳጠር ከበደኝ። ሪያድ በሰው ቤት የምትሠራ የቡሬ ልጅ ናት። ክሩን ከላይ እስከ ታች እንዳነበበች፣ እናት ትምጣ አትምጣ ብሎ መጨቃጨቅ ለእሷ የሀብታም ጨዋታ እንደሚመስላት ጻፈች። ልጇን ቡሬ ለእናቷ ትታ ነው የሄደችው። ሌሊት ለሰው ልጅ ጡጦ ለማፍላት ትነሳለች። ሪያድና ቡሬ ሰዓታቸው አንድ ስለሆነ፣ እሷ የአሠሪዎቿን ልጅ ስታስተኛ እናቷም የእሷን ልጅ እያስተኙ ነው። ልጇ እማዬ የሚለው አያቱን ነው። እሷን በስሟ ይጠራታል።

ንዴትም ነበረው አጻጻፏ፤ መብቷ ነው። 22ኛው ሰው የጠያቂዋን ደስታ አታበላሺ ብሎ ሊገስጻት ሞከረ። ጠያቂዋ ራሷ ከለከለችው፤ ልጅቷ እንድትቆይና እንድትጽፍ ለመነቻት። ቆይታም ጻፈች። ቡሬ ያለ አንድ ሰውም ልጁን በዓመት በዓል ሄዶ እንደሚጠይቀው ቃል ገባ።

ጨዋታው ሲወጣ

ከ24 እስከ 29 ያለው ከጉዳዩ ወጥቷል። አንዱ ጀርመኖቹ ለሕፃኑ የቤተሰብ ስም አምጡ ሲሏቸው የአያቱን ስም ስለሰጡት፣ አሁን ቤታቸው ውስጥ የባል ሌላ፣ የሚስት ሌላ፣ የልጅ ሌላ ስም እንዳለና ድንበር ላይ ልጅ የሰረቁ ያህል እንደሚጠየቁ አማረረ። ሌላው የልደት ሰርተፍኬት መያዝ እንጂ ማማረር አያሻም አለው። ከዚያ ወሬው ጤፍ ላይ ወደቀ። ኢትዮጵያ የጤፍ እህል ወደ ውጭ እንዳይወጣ ስለከለከለች ሱቅ ያለው ጤፍ ከአሜሪካው አይዳሆም ከሌላም ይመጣል። ከእናርጅ እናውጋ ጤፍ ይሻላል አይሻልም ተባባሉ። አልፌዋለሁ።

31ኛው፦ የደምበጫዋ እማማ

30ኛውን ተዉት፣ የተሰረዘ ነው። 31ኛውን የጻፈው ደምበጫ ያለ የልጅ ልጅ ሲሆን የሚናገሩት ግን አያቱ ናቸው። ኑረምበርግ ልጃቸውን ሊያርሱ ሄደው ሦስት ወር ተቀምጠው ተመልሰዋል።

እማማ ቅር ብሏቸዋል። ይህ ሁሉ ሰው ስለ አንዲት እናት ሲያወራ ዕቃ ስለ መላክ የሚያወራ ይመስላል፤ ትችላለች ወይ ብሎ የጠየቀ አልሰሙም። ሰኔና ሐምሌ ጎጃም ውስጥ ምን እንደሆነ ተረሳ ወይ? ማሳው ይታረሳል፣ ይለሰልሳል፣ ጤፍ ይዘራል። ባሏ የሞተባት ሴት መሬቷን ለእኩል አራሽ ሰጥታ ከአገር ብትወጣ፣ የዘሩን ልክ ማን አየ? ደግሞ ማኅበሩ አለ፣ እድሩ አለ። በሰው ለቅሶ ያልቆመች ሴት ለራሷ ማን ይቆምላታል?

የጀርመኑን ኑሮ ግን አላጣጣሉም። እሑድ ሱቅ መዘጋቱን፣ ሕንፃው ውስጥ ግድግዳ መሰርሰርና በመዶሻ መምታት መከልከሉን ወደውታል። ሰንበትን እንዲህ የሚያከብር ሕዝብ ደምበጫም አሁን የለም አሉ። የከበዳቸው ሌላ ነው። ልጅና አማቻቸው ሲወጡ በሩ ይዘጋል፤ ቁልፍ አልተሰጣቸውም። ቢወጡ ይጠፋሉ ተብሎ ነው። ትልቁ የልጅ ልጅ ከመዋለ ሕፃናት ሲመለስ የሚያወራቸው በጀርመንኛ ነው። ቡና ሲቆሉ የጭስ ደወሉ ጮኸ፤ አማቻቸው ሮጦ መስኮት ከፈተ፣ ቡናው በኤሌክትሪክ እንዲፈላም ተወሰነ።

ምክራቸው አጭር ነው። ቁልፍ ይሰጣት። እስከ ቤተክርስቲያን የሚወስደውን ባቡር አንድ ሁለቴ አብረዋት ይሂዱ። ትልቋን ልጅ ቀኑን ሙሉ አይጫኑባት፤ የመጣችው ለአራሷ ነው። ማሳውን የሚያይ ሰውም ልጆቿ ከፍለው ያቁሙላት። ከሁሉ በፊት ግን ትጠየቅ።

ከዚህ በኋላ የቡሬው፣ የዋሽንግተኑ ሰው፣ ለእናቱ ቁልፍ ሰጥቶ እንደነበር ጻፈ። የጠየቀው አልነበረም።

የቀን ስሌት

32ኛዋ ጸሐፊ ማንም ያላየውን አየች። የጠያቂዋ ሕፃን በአልትራሳውንድ ሴት ናት። ሴት ክርስትና የምትነሳው በ80 ቀኗ ነው። ቪዛው 90 ቀን ነው፤ የገቡበትም የወጡበትም ቀን ይቆጠራል። እናትየዋ ምጥ ሳይመጣ ቀድመው ልድረስ ብለው ሁለት ሳምንት ቢቀድሙ፣ ክርስትናው ሳይደርስ ቀናቸው ያልቃል። ወንድ ቢሆን በ40 ቀኑ ነውና አያሳስብም ነበር። ስለዚህ ልጅቷ ከተወለደች በኋላ፣ በሳምንቱ ገደማ ቢገቡ ይሻላል። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አዋላጇና ባልየው ይያዙ፤ የዓመት ፈቃዱን ለዚያ ያቆየው።

ጠያቂዋ በ34ኛው ተመለሰች። እናቷ ጋ ደውላ ነበር። እማማ እንዳሉት ጠየቀቻቸው። እናቷ እሺም እንቢም ሳይሉ መጀመሪያ የጠየቁት ማሳውን ማን ያይልኛል ብለው ነው። የባሏ አጎት ልጅ ከሞጣ መጥቶ ክረምቱን አማኑኤል እንዲቀመጥ ተስማሙ፤ የሚከፈለውን ሁለቱ ይችላሉ። እናቷ ሁለተኛ ነገርም ጠየቁ፦ እዚያ አገር ገደል የሚያክል ደረጃ አለ ይባላልና ቤታችሁ ስንተኛ ፎቅ ነው? ሦስተኛ ነው። ሊፍት የለውም። እያሰቡበት ነው።

35ኛው ሙኒክ ያለ ልጅ ነው፤ እናትየዋ ሲመጡ 2 ኪሎ የሰከላ ማር ይዘውለት እንዲመጡ ጠየቀ። ኮታው ለአራሷ እንደተያዘ ተነገረው። እሱም የባሕር ዳር መንገደኛ ፍለጋ አዲስ ክር ከፍቷል።

የቪዛ ቅጽ አሞላል የሚያስቸግራችሁ ካላችሁ የ9ኛው መልስ ጸሐፊ በውስጥ መስመር አናግሩኝ ብሏል። አዋላጅ የምትፈልጉ ጀርመን ያላችሁ ደግሞ የሉማሜዋን ልጅ ጠይቋት፤ ሆዳችሁ ሳይገፋ።